የተጋነነው ሰላይና የተመልካቹ ሳቅ

የተጋነነ የስለላ ፊልም የሚባለው የሰላዩን ጀብዱ ከሚቻለው በላይ አድርጎ የሚያሳይ፣ ማጋነኑንም የማይደብቅ የፊልም ዓይነት ነው። መኪናው ባሕር ውስጥ ገብቶ ይዋኛል፤ ጃንጥላው ጥይት ይመልሳል፤ መቶ ሰው ሲተኩስበት አንዱም አያገኘውም፤ እሱ ግን ዘወር ሳይል ተኩሶ አይስትም። ከሞት አፍ ባመለጠ ቁጥር የኮቱን ትከሻ አራግፎ ቀልድ ጣል ያደርግና ወደሚቀጥለው ፍንዳታ ይሄዳል። የዚህ ፊልም ወዳጆች ሁልጊዜ የሚከራከሩበት ነገር አለ። አንዱ ወገን ቀልዱ የትርኢቱን ግርማ ያፈርሳል ይላል፤ ሰላዩ ራሱ በአደጋው እየሳቀ ተመልካቹ ስለ ምን ይጨነቅ? ሌላው ወገን ያለ ቀልዱ ትርኢቱ አይዋጥም ባይ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ኮስተር ተብሎ ከቀረበ መሳቂያ የሚሆነው ፊልም ሠሪው ነው። ክርክሩ የጣዕም ክርክር ይመስላል። በውስጡ ግን ሁለት የቆዩ ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው ማጋነን ውሸት ነው ወይ የሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ሲሞት እያዩ መሳቅ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ወዳጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሟገቱት በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ክብደቱ ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው።

የዚህ የፊልም ዘር አባት ጄምስ ቦንድ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ ገጸ ባሕርዩን እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመ ልብ ወለድ ፈጠረው፤ በ1962 «ዶክተር ኖ» በተባለው ፊልም ወደ ሲኒማ ገባ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፊልም ያለፈውን ልብለጥ ሲል ሰላዩ በ1979 «ሙንሬከር» ላይ ጠፈር ድረስ ወጣ፤ በ2002 «ዳይ አናዘር ዴይ» ላይ ለዓይን የማትታይ መኪና ነዳ። በዚህ ጊዜ ብዙ ተመልካች አሁንስ በዛ አለ፤ አዘጋጆቹም በ2006 በ«ካሲኖ ሮያል» ቀልዱን ቀንሰው የሚደማና የሚያዝን ቦንድ ይዘው መጡ። ባዶ የቀረውን ቦታ የያዘው የማቲው ቮን «ኪንግስማን» (2014) ነው። በዚህ ፊልም ጀግናውና ባላንጣው አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ስለ ድሮ የስለላ ፊልሞች ያወራሉ፤ የድሮዎቹ የማይታመን ሴራቸው ደስ እንደሚል፣ የዛሬዎቹ ግን መኮሳተር እንደበዛባቸው ይነጋገራሉ። የወዳጆቹ ሙግት እዚያው ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና ሲገባ ጀምሮ የሃይማኖት ጥያቄ አብሮት ገብቷል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው ይታወቃል። ጥርጣሬው ከጊዜ በኋላ ቢለዝብም ጨርሶ አልጠፋም። ግምጃ ቤትን፣ እንጅባራንና ዳንግላን በመሰሉ የአዊ ዞን ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ የውጭ አገር አክሽን ፊልም በሰፊው የታወቀው በቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበሮችና በር ላይ የሚሰበሰብ ሳንቲም፤ ይኸው ነው። በካሴት ተጀመረ፤ በሲዲ ቀጠለ፤ ኋላ ፍላሽና ስልክ ተተኩ።

የቪዲዮ ቤት ተመልካች ክርክሩን የሚይዘው ከለንደን ተመልካች በተለየ መንገድ ነው። የእንግሊዝ ሰላይ ቀልድ አብዛኛው የቃል ጨዋታ ነው፤ አገውኛና አማርኛ ለሚናገር፣ እንግሊዝኛው በጆሮው ለሚያልፍ ወጣት ያ ቀልድ የለም። የሚቀርለት አወዳደቁ፣ ፍንዳታው፣ የፊት ለውጡ ነው። ስለዚህ ቀልድና ትርኢት ይጣላሉ ወይ የሚለው ሙግት እዚህ ሌላ መልክ አለው፤ ትርኢቱ ራሱ ቀልድ ይሆናል። ትርጉም ፊልም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ተራኪ በዋናው ድምፅ ላይ በአማርኛ እየደረበ ሲያወራ፣ አንዳንዱም ከራሱ ቀልድ ሲጨምርበት፣ ፊልሙ ሁለተኛ ደራሲ አገኘ። በኡጋንዳ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ በካምፓላ ዋካሊጋ ሠፈር በጥቂት ገንዘብ የተሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው» (2010) የተባለ ፊልም በዓለም የታወቀው በተኩሱ ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ እየጮኸ በሚያሽሟጥጠው ተራኪም ጭምር ነው።

ተመልካቹ ለዘሩ ያወጣለት ሕግም አለው፤ አክተር አይሞትም ይባላል። ይህ አነጋገር ከፊልም ወጥቶ በኑሮ ላይም ይውላል፤ ከከባድ አደጋ ለተረፈ ሰው በቀልድ ይነገራል። ሕጉ የታወቀ በመሆኑ የአክተሩ መትረፍ ማንንም አያስጨንቅም። ሌላው ሁሉ ግን ይሞታል፤ ስለ እሱ የወጣ ሕግ የለም።

ማጋነን ውሸት ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ አንድ የቆየ ምሳሌ ራሱ የስለላ ታሪክ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ሙሴ ዐሥራ ሁለት ሰላዮችን ወደ ከነዓን ይልካል። ከአርባ ቀን በኋላ ተመልሰው ዐሥሩ የአገሩን ሰዎች ግዙፍነት አጋነው ተናገሩ፤ ራሳቸውን ከእነዚያ አጠገብ እንደ አንበጣ ቆጠሩ። ሕዝቡ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ ቅጣቱም በምድረ በዳ አርባ ዓመት ሆነ። ኢያሱና ካሌብ ያዩትም ያንኑ አገር ነው። የዐሥሩ ጥፋት ቃላቸው መግዘፉ ብቻ አልነበረም። ተልኮ የመጣ ሰላይ የሚናገረው እንደ ማስረጃ ነው የሚሰማው፤ ሕዝቡም ከንግግሩ ላይ ስንቱን ቀንሶ ማመን እንዳለበት የሚያውቅበት ምልክት አልነበረውም። ማጋነኑ ጨዋታ መሆኑን ሰሚው ካላወቀ ማጋነኑ ማታለል ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን ገና ከመነሻው ቀልድን ለብቻው ያስቀምጣል፤ የተናጋሪው ድምፅና ሁኔታ ሊያታልል እንዳላሰበ ስለሚያሳይ ቀልድ ከውሸት አይቆጠርም ይላል፤ ፍጹማን ሰዎች ሊቀልዱ ይገባል ወይ የሚለውን ግን ለሌላ ጊዜ ይተወዋል። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ ጠበቅ ያደርገዋል፤ ለማሳቅ የሚነገር ሐሰት ከውሸት ወገን ነው፣ ሰውን ለመጉዳት ከሚነገረው ውሸት ግን ይቀላል ይላል። ይኸው ቶማስ በሌላ ቦታ ነፍስ ዕረፍት ትሻለችና ጨዋታን ፈጽሞ የሚጠላ፣ የሌላውንም ደስታ የሚያደፈርስ ሰው ጉድለት አለበት ብሎ ያስተምራል። በእስልምና ትውፊት ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ ነቢዩ ይቀልዱ እንደነበር፣ ሲቀልዱም እውነት ብቻ ይናገሩ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሰውን ለማሳቅ ብሎ የሚዋሸውንም ሰው አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። በዚህ ሚዛን የሚጠየቀው ተረት ፈጣሪው ሳይሆን የፈጠረውን እንደሆነ አድርጎ የሚያወራው ነው፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ለጓደኛው «እውነተኛ ታሪክ ነው» እያለ የሚምለው ልጅ ከፊልም ሠሪው ይልቅ ለዚህ ተግሣጽ የቀረበ ነው።

በአገሩ ባህል የታወቀው የማጋነን ውል ፉከራ ነው። ፎካሪው ራሱን አንበሳ ያደርጋል፣ አባቱን ነብር ያደርጋል፣ ተራራ የሚያህለውን ጠላት ብቻውን ይጥላል። ሰሚው ደግሞ ቁጥሩን አይመረምርም። የሚመረምረው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ዘምቷል ወይ? ፉከራ መጠኑን እንዲያበዛ ተፈቅዶለታል፣ መነሻ የሌለው እንዲሆን ግን አልተፈቀደለትም። ያልዘመተ ሰው ቢፎክር ይሳቅበታል፤ ያ ሳቅም ከድብደባ የከፋ ቅጣት ነበር። ሰላዩ ጄምስ ቦንድ በእውኑ ዓለም ዘምቶ የማያውቅ ፎካሪ ነው፤ በዚህ ልማድ ያደገ ተመልካች ሲያየው መሳቁም አያስገርምም። ቀልደኛው ፊልም ይህን ሳቅ ቀድሞ ራሱ በመሳቅ ይሰርቀዋል።

አርስቶትል «ስለ ግጥም» በተባለው ሥራው ለባለ ቅኔ የሚቻል ሆኖ ከማያሳምን ነገር ይልቅ የማይቻል ሆኖ የሚያሳምን ነገር እንደሚሻለው ይናገራል። የማትታየዋ መኪና የወደቀችው በዚህ ፈተና ነው። መሣሪያው የማይቻል በመሆኑ አልነበረም፤ የቦንድ ፊልም ከጥንትም በማይቻል መሣሪያ ነው የሚኖረው። የወደቀችው ፊልሙ ራሱ በቁም ነገርና በቀልድ መካከል ወላውሎ ተመልካቹ በየትኛው ውል እንደተቀመጠ ስላላወቀ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙግት ቀልድ ያስፈልጋል የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው፤ ቀልዱ የውሉ ማኅተም ነው፣ ይህ እንደ ማስረጃ አይደለም የሚል ምልክት ነው።

ይኸው አርስቶትል የድራማን ስድስት ክፍሎች ሲዘረዝር ለዓይን የሚታየውን ትርኢት መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ነፍስን ይስባል፣ ግን ከኪነ ጥበቡ እጅግ የራቀ ነው ይላል። ይህን ፍርድ የአዊ ሰው በቀላሉ የሚቀበለው አይመስልም። በአዊ ከሁሉ የላቀው ትርኢት ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ መነሻው በዓድዋና በኋላም በጣልያን ወረራ ጊዜ የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ማሰብ ሲሆን ቀኑ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ጋር ይገጥማል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ግምጃ ቤት መቀመጫው የሆነችው አንከሻ ጓጉሳና የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ያለችበት ባንጃ ፈረስ ለሰልፍ ብቻ የማይውልባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ፈረስ እዚህ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል። በበዓሉ ቀን ያው የእርሻ ፈረስ አጊጦ ሜዳ ላይ ይወጣል።

የትርኢቱ ዋና ነገር ጉግስ ነው። ፈረሰኞቹ ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ አሳዳጁ እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻ ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ጦርነት ነው፣ ሞት የለበትም። ቀልድም አለበት፤ ዘንግ ጀርባው ላይ ያረፈበት ሰው እስከ ማታ ይቀለድበታል። የተጋነነው የስለላ ፊልም የሚያደርገውን ሁሉ ጉግስም ያደርጋል፤ ፍጥነት፣ ጌጥ፣ አደጋ፣ የጀግና ማምለጥ፣ የሕዝብ ጩኸት ሁሉም አለ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ በጉግስ ስም የሌለው ሰው የለም። የተመታው የእገሌ ልጅ ነው፤ የወደቀውን ፈረስ ባለቤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሳቁ የሚቆምበት ጠርዝም ለሁሉ ግልጽ ነው፤ የወደቀው ሰው ካልተነሣ ሳቁ ወዲያው ይቆማል።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያደርሳል። በስለላ ፊልም የወደቀው ሰው አይነሣም፤ ሳቁ ግን አይቆምም። የክፉው ባለ ሀብት ጠባቂዎች በደርዘን ይረግፋሉ፤ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰዋል፣ ፊታቸው በጭምብል ወይም በመነጽር ተሸፍኗል፣ አንዳቸውም አይጠሩም። ተመልካቹ አሟሟታቸው ሲያስቀው ያፍራል ወይስ አያፍርም?

ፕላቶ «ፊሌቦስ» በተባለው ምልልስ አስቂኝ ትርኢት ሲታይ የሚሰማው ደስታ ከምቀኝነት ጋር የተቀላቀለ እንደሆነ ሶቅራጥስን ያናግራል፤ ሰው ራሱን ሳያውቅ ሲቀር እናያለን፣ ያም ደስ ይለናል። ፈላስፋው ሆብስ በ1651 ሳቅን ድንገት የሚመጣ የበላይነት ስሜት አድርጎ ገለጸው። ሁለቱም የሚያስረዱት በሰው ላይ የሚሳቀውን ሳቅ ነው። በጠባቂው ሞት የሚሳቀው ሳቅ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጠባቂው እንደ ሰው ስላልታየ በላዩ ላይ የበላይነት የሚሰማበት ሰው እንኳ የለም። የሚያስቀው የአገዳደሉ ብልሃት ነው። ምቀኝነት ቢያንስ ሰውየውን ያየዋል፤ ይህኛው ሳቅ አያየውም።

ተከላካዮች የሚሰጡት መልስ ቀላል አይደለም። ጠባቂው ሰው አይደለም ይላሉ፤ በገበጣ ላይ እንዳለ ጠጠር ነው፣ ለጠጠር ማን ያዝናል? ፊልሙ ሞትን አላሳየም፣ የሞት ምልክት ነው ያሳየው። በእርግጥም ከፊልሙ ሲወጣ ሰው ለመግደል የቸኮለ ተመልካች የለም፤ እንዲህ ያለ ክስ የሚያቀርቡ ሰዎች ነገሩን ያበላሹታል፣ ጥያቄው ፊልም ወንጀለኛ ያወጣል ወይ የሚል አይደለምና። ጥያቄው በዚያች ቅጽበት ልብ ምን እየሠራች ነው የሚል ነው። «ኦስቲን ፓወርስ» (1997) የተባለው የቦንድ ማሽሟጠጫ ይህን ከማንም ፈላስፋ በላይ አጋልጦታል። በአንዳንድ አገሮች በታየው ቅጂ ከጠባቂዎቹ አንዱ ከሞተ በኋላ ታሪኩ ተቋርጦ ካሜራው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሚስቱ የባሏን ሞት በስልክ ትሰማለች። መርዶ በስልክ መነገሩ ብቻውን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ነውር ነው፤ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ማለዳ ሳይጠበቅ፣ የቅርብ ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር! ቀልዱ የሚሠራው ግን ጠጠሩ ቤትና ሚስት ስላለው ነው። ተመልካቹ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን በሟቹ አይደለም፣ እስካሁን ሳያስብ በሳቀው በራሱ ነው።

«ኪንግስማን» ያን ያህል ንጹሕ አይደለም። ባላንጣው ደም ማየት የማይችል፣ ደም ካየ የሚያስመልሰው ሰው ነው፤ አብዛኛውን የሰው ዘር ሊያጠፋ ያቀደውም እሱ ነው። ይህ ብልህ ቀልድ ነው፤ ሞትን ሳያይ የሚገድል ሰው ሥዕል ነውና፣ አግዳሚ ላይ የተቀመጠውንም ተመልካች ይነካል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ መጨረሻ ላይ የባለ ሥልጣናቱ ጭንቅላት እንደ ርችት በቀለም ሲፈነዳ፣ ከበስተጀርባ የሙዚቃ ደራሲው የኤልጋር የሰልፍ ዜማ ሲሰማ፣ ደሙን ከተመልካቹ ዓይን ይደብቃል። ባላንጣው ያለበትን ሕመም ለተመልካቹ ያድለዋል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ በአንዲት ጥላቻ በሚሰበክባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከስልክ የሚወጣ ምልክት የሰዎቹን አእምሮ ያዛባል፤ ጀግናውም ከእነሱ ጋር አብሮ ዐብዶ ምእመናኑን ይጨርሳል፤ ሙዚቃው ይዘላል፣ ካሜራው ይደንሳል። የምዕራቡ ተመልካች የሚከራከረው ሰባኪው ክፉ ስለሆነ ይገባቸዋል ወይ በሚለው ላይ ነው። ለአዊ ተመልካች ግን ጥያቄው ከዚያ አስቀድሞ ይነሣል። በኢትዮጵያ ታሪክ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም የመማፀኛ ቦታ ነበሩ፤ ደም ያፈሰሰ ሰው እንኳ ሸሽቶ ደውል ደውሎ ከተጠጋ አሳዳጁ በር ላይ ይቆም ነበር። የገቡት ሰዎች ክፉ መሆናቸው ለመማፀኛው ምክንያት እንጂ እንቅፋት አልነበረም። ስለዚህ ትዕይንቱ የተገነባበት ቀልድ፣ ክፉዎች ናቸውና ሣቁ የሚለው፣ እዚህ መሠረት የለውም። ፊልሙ ራሱም ይህን ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ጀግናው ወደ ልቡ ሲመለስ በሠራው ደንግጦ ይወጣል፣ እዚያው ደጃፍ ላይም ይገደላል። አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ መሰበሩ ከአጋጣሚ በላይ ይመስላል፤ ምንም እንኳ በተከታዩ ፊልም ጀግናው ተነሥቶ ቢመጣም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ሁሉ ያዩት በሌላ መልክ ነው። አውግስጢኖስ በኑዛዜው ስለ ወዳጁ አሊጲዮስ ይተርካል። ሮም ውስጥ ጓደኞቹ ጎትተው ሰው ከሰው ጋር እየተጋደለ ወደሚታይበት ቦታ ወሰዱት፤ እሱም አላይም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ ግን ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ሊጨፍነው አልቻለም። መጀመሪያ ያሸነፈው ደሙ አልነበረም፤ የሕዝቡ ድምፅ ነበር። ቪዲዮ ቤት ለገባ ሰው ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ብቻውን የማያስቀው ነገር አግዳሚው በሙሉ ሲስቅ ያስቀዋል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ በ399 ቍስጥንጥንያ ውስጥ ምእመናኑ ክርስቶስ በተሰቀለበት በዓርብና በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ትተው የፈረስ ውድድርና ቴአትር በመሄዳቸው ብርቱ ተግሣጽ ሰጥቷል። ክርስቶስ ሲያለቅስ እንጂ ሲስቅ እንዳልተጻፈም ያስተምራል። የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚያነቧቸው ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊም ለልቅሶ ከሳቅ ይልቅ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጣሉ። ዳሩ ግን ይኸው የቤተ ክህነት ዓለም አለቃ ገብረ ሃናን አፍርቷል፤ የጎንደሩ ሊቅ በዝማሜው ከሚታወቀው በላይ በቀልዱ ይታወቃል፣ ዛሬም ድረስ የእሱ ያልሆነ ቀልድ ሳይቀር በስሙ ይነገራል።

መጽሐፍ ቅዱስም ለዚህ ክርክር አንድ ወገን አይሰጥም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ላይ ያላግጣል፤ አምላካችሁ ተኝቶ ይሆናል፣ መንገድ ሄዶ ይሆናል እያለ ያሾፍባቸዋል። እሳት ከሰማይ ይወርዳል። ቀልድም ትርኢትም አለ፤ በመጨረሻም ነቢያቱ በቂሶን ወንዝ ይታረዳሉ። ነገሩ ለስለላ ፊልም ወዳጅ የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን የታሪኩ አቀማመጥ ልብ ሊባል ይገባል። ኤልያስ የሚያሾፈው ነቢያቱ በሕይወት ሳሉና በእብሪታቸው ጊዜ ነው፤ ሲገደሉ ግን አንድም ቀልድ የለም፣ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ድል አድራጊው ራሱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ይለምናል። የእብሪተኛን ኃይል ማሽሟጠጥ አንድ ነገር ነው፤ የሬሳን ብዛት ማሽሟጠጥ ሌላ ነገር ነው።

የአገሩ ባህልም ቢሆን በዚህ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ፉከራ የገደሉትን ይቆጥራል፤ የተገደለው በፎካሪው አፍ ብዙ ጊዜ ቁጥር ወይም አውሬ ነው፣ ልክ እንደ ፊልሙ ጠባቂ። ልዩነቱ ፉከራ ብቻውን አለመኖሩ ነው፤ ከጎኑ ሙሾ አለ። አልቃሽዋ ለሟች ታጋንናለች፤ ቤቱ የሰፋ፣ እጁ የተዘረጋ፣ ፈረሱ የፈጠነ አድርጋ ታነሣዋለች፤ ትልቅ ሰው ሲሞትም ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ላይ ይቀርባል። እዚህ ማጋነን የወደቀውን ትልቅ ያደርጋል። የተጋነነ የስለላ ፊልም የፉከራን ማጋነን ሙሉ በሙሉ ወስዶ የሙሾን ማጋነን ጨርሶ ትቶታል፤ ጉድለቱ ያለው ቀልዱ መብዛቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ስለ ሰላይ መሳቅ አንድ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ሰላይ በዚህ አገር የመጽሐፍ ሰው ብቻ አልነበረም። ደራሲና ጋዜጠኛ ማሞ ውድነህ የዓለምን የስለላ ታሪኮች በአማርኛ ሲያቀርብ ብዙ አንባቢ ያገኘው ጉዳዩ እንግዳ ስላልነበረ ጭምር ሊሆን ይችላል። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ጆሮ ጠቢ የሚባለው ሰው ጎረቤት ሊሆን ይችል ነበር፤ ክራቫት አያስርም፣ ቀልድ አይናገርም፣ ዋና ሙያው አለመታየት ነው። ሁሉም ዘወር ብሎ የሚያየው፣ ስሙን በየቡና ቤቱ የሚናገር ሰላይ ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር ሙሉ ግልባጩ ነው። በዚህ ሰላይ መሳቅ በፍርሃት ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነው፤ ከኤልያስ ሳቅ ይቀርባል።

አንድ ኢትዮጵያዊ ተዋናይም በዚህ ዘር ውስጥ ዋናውን ቦታ ይዟል። ዳንኤል ታደሰ በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ፊልም (2019) ጋጋኖ የተባለ የሲአይኤ ሰላይ ሆኖ ይጫወታል። የፊልሙ ርእስ ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል እንደ ማለት ነው፤ ታሪኩ በኢስቶኒያዋ ታሊን ይነሣል፣ ሰላዮቹ ስታሊንን የመሰለ ቫይረስ ሊያጠፉ ወደ ኮምፒውተር ዓለም ይገባሉ፣ ጋጋኖ ግን ሥራውን ትቶ ፒዛ ቤት መክፈት ነው የሚመኘው። ትርኢቱ ሆን ተብሎ ድሃ ነው፤ በኮምፒውተሩ ዓለም ሰላዮቹ የታዋቂ ሰዎች ፊት የታተመበት የወረቀት ጭምብል ያጠልቃሉ፣ እንቅስቃሴያቸውም ይቆራረጣል። ተመልካቾች ስለዚህ ፊልም ሲከራከሩ ፌዙ ግራ ያጋባል፣ ሴራው አይያዝም ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ከትልልቆቹ ፊልሞች ይልቅ ያውቅበታል። ዳንኤል ቁመቱ አጭር ነው፤ ሌላ ፊልም ቢሆን ኖሮ ለአንድ ቅጽበት ሳቅ አምጥቶ የሚጥለው ዓይነት ሰው ነው። እዚህ ግን ዋናው ጀግና እሱ ነው፤ ይወዳል፣ ይወደዳል፣ ማንም በቁመቱ አይቀልድም፣ ቀልዱ ሁሉ ዓለሙ ላይ ነው። ማጋነኑ የተለመደው ሲኒማ የሚያሳንሰውን ሰው ለማግዘፍ ውሏል።

ቤተ ክርስቲያን ትርኢትን በተግባር የያዘችው በትርጓሜ ሳይሆን በዘመን አቆጣጠር ነው ማለት ይቻላል። መክብብ ምዕራፍ 3 ለልቅሶም ለሳቅም ጊዜ ይሰጣል፤ የአገሩም ልማድ እንዲሁ ነው። ጥር ከጥምቀት በኋላ የሠርግ፣ የዘፈንና የጉግስ ወር ነው፤ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ መሰንቆ ይሰቀላል። ለአፈ ወርቅ ያ ሁሉ ቁጣ የመጣው ሰዎቹ ፈረስ በማየታቸው ብቻ ሳይሆን ክርስቶስ በተሰቀለበት በዓርብ በማየታቸውም ነበር። ይህ ሥርዓት የትኛው ሳቅ ንጹሕ እንደሆነ አይነግርም፤ ሳቅ ሁሉ የሚቆምበት ጊዜ እንዳለ ግን ያስታውሳል፣ ያም ሰው የለመደውን ሳቅ ከሩቅ ሆኖ እንዲያየው ዕድል ይሰጠዋል።

ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ትርኢቱ የጋራ ሲሆን ነው። ቪዲዮ ቤት በጾም ተመልካች ሊያጣ ወይም ሊዘጋ ይችላል፤ ከቅዳሴ የቀረውም ሰው ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሊታይ ይችላል። ስልክ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚታየው ፊልም ይህ የለውም። የአሊጲዮስ ፈተና የሕዝቡ ጩኸት ነበር፤ ብቻውን የሚያየው ወጣት ከዚያ ፈተና ነፃ ነው፣ ማንም ጎትቶ አያስቀውም። በዚያው ልክ የወደቀው ሳይነሣ ሲቀር ሳቁን ቀድሞ የሚያቆም ጎረቤትም ከጎኑ የለም። የጉግስ ሜዳ ላይ ይህን የሚያደርገው ሕዝቡ ነው፤ ስልክ የያዘው ተመልካች መቼ ማቆም እንዳለበት ራሱ መወሰን አለበት፣ ፊልሙም ለዚያ ጊዜ እንዳያገኝ አድርጎ የሚቀጥለውን ፍንዳታ ያስከትልበታል።